ባትሪያችንን ስለካደው ስማርት ቻርጀር

ለክቡር የጋራ መኖሪያ ሕንጻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
የመኪና ባትሪ ስማርት ቻርጀር መራጭ ንዑስ ኮሚቴም የበላይ ጠባቂ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። መቼም ጠዋት ጠዋት መኪናዎ በአንድ ጣት ነካ ሲያደርጓት ወዲያው ስትነሳ ከመስኮቴ ስለምሰማ፣ በሰላም አድረው በሰላም መውጣትዎን የማውቀው በእሷ ነው፤ ስለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ስብሰባዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁን። የእኛን ጤንነት የጠየቁን እንደሆነ ግን፣ እስከ ዛሬ ጠይቀውን ስለማያውቁ መልሱን አላዘጋጀሁም፤ ከዚህ በታች እንደ ተገኘ አቀርበዋለሁ።

ከነዋሪው ብዛት የተነሳ ካላስታወሱኝ፣ እኔ በሁለተኛው ፎቅ ከደረጃው በስተግራ የምኖረው፣ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «ባለ አሮጌ መኪናዋ ሴትዮ» እየተባልኩ የምነሳው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአለቆችን ቃለ ጉባኤ ስተይብ የኖርኩ ጸሐፊ ስለነበርኩ፣ «ጉዳዩ በጥልቀት ታይቶ» ተብሎ ሲጻፍ ማንም ምንም አላየም ማለት እንደሆነ ጣቶቼ ያውቁታል። ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ዛሬ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ዘንድ መድረስ አለብን። አርፍዶ የመጣ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷልና። በዚያ ሰዓት ታክሲ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ለታክሲው የሚሆነውን ሕክምናው ይበላዋል። ያለችን ያቺው አሮጌ መኪና ናት። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ያቃስታል፤ ከሕመሙ ይሁን ከአነዳዴ እስካሁን አልለየሁም።

መኪናችን ከቤት ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ቤት ካለው አጭር መንገድ በቀር ስለማትሄድ፣ ባትሪዋ በጉዞ ላይ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ቆማ በዋለች ቁጥር ይደክማል። ባለቤቴ «ባትሪው አልሞተም፣ ራበው እንጂ፤ ሌሊቱን ቀስ አድርጎ የሚያበላው ካገኘ እኔንም ሸኝቶ ይመለሳል» ይላል። ክቡርነትዎን የማስቸግረው እንግዲህ ስለዚሁ ስለተራበ ባትሪ ነው። ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ለይቼ ለመጻፍ ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ አንድ ላይ ቆጥሬ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፣ የጠዋት እንቅልፋችንን ስላስከበሩልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ መኪናችን አልነሳ ባለች ጊዜ ጎረቤት በፒጃማና በነጠላ ጫማ ወርዶ ይገፋልን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዱ በትከሻው፣ አንዱ በመዳፉ፣ የሦስተኛው ፎቅ መምህር ደግሞ በምክሩ እየገፉ ከበሩ ያሻግሩን ነበር። ኮሚቴው ግን ጉዳዩን በጥልቀት አይቶ «በግቢው ውስጥ መኪና መግፋት የሕንጻውን ገጽታ ያበላሻል፣ የነዋሪውንም ዕረፍት ያውካል» ሲል በቅጣት ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ጸጥ ብሏል፤ ምክር መስጠት ስላልተከለከለ መምህሩ ብቻ ከበረንዳው ላይ ሆኖ እንደ ወትሮው ይመክረናል። ባለቤቴ ከሁሉ የናፈቀው ያንን ግርግር ነው። «ሰው ሲገፋልኝ ገና የምፈለግ ይመስለኝ ነበር» ብሎኛል አንድ ቀን፣ ካልሲውን ሳጠልቅለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ሁለተኛ፣ ከእሳት ስላዳኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት የጀነሬተር ባትሪ በአሮጌ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ሰው ሁሉ ለዕረፍት ቀናት ሄዶ፣ ባትሪው ፈልቶ፣ አሲዱ ምንጣፉን በስቶ፣ ሽታው እስከ ላይኛው ፎቅ የወጣበትን ጊዜ መቼም አይረሱትም። ጥፋቱ የኮሚቴው ስለነበር ኮሚቴው ወዲያውኑ በነዋሪው ላይ ቆራጥ እርምጃ ወሰደ። ማንም በቤቱም ሆነ በመኪናው አጠገብ ባትሪ ቻርጅ እንዳያደርግ ታዘዘ፤ እኛ ዘንድ የነበረችውም አሮጌ ቻርጀር ተወስዳ በኮሚቴው ዕቃ ቤት ተቆለፈባት። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ውሳኔውን ሲሰማ አጨብጭቧል። ሲሞላ ራሱን የማያጠፋ ቻርጀር የረሱት ቀን ጉድ እንደሚያመጣ በሥራው ዘመን አይቷልና፣ «አሮጌው ይቅር፤ ደህናውን ቶሎ ያምጡልን» ነበር ያለው። ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያልሰመረችለት «ቶሎ» የምትለዋ ብቻ ናት።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርጫው። እዚህ ላይ ብዕሬ በአድናቆት ይቆማል። ባለቤቴ እንደ ማንኛውም ነዋሪ አስተያየት ስጥ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥበቃው ደረጃውን አግዞት በተሽከርካሪ ወንበሩ ወርዶ አራት ነገር ተናግሮ ተመለሰ። ቻርጀሩ የሚሰጠው ኃይል የባትሪውን አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፣ አጣድፎ አይሙላ፤ ውሃ ለሚጨመርበትም ለድፍኑም ባትሪ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ የተለየ መምረጫ ይኑረው፤ ሲሞላ ራሱ ያቁም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨርሶ የደከመ ባትሪ ሲያገኝ ቀስ ብሎ የሚቀሰቅስበት ስልት ይኑረው አለ። ይህን ለመግዛት አንድ ሰውና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር። ኮሚቴው ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን በልቡ ይዞ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ንዑስ ኮሚቴውም ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ፕሮፎርማ ሰበሰበ፣ ደከመውና ሻይ ጠጣ፣ ለሻዩም ሂሳብ አጣሪ ተመረጠ። አንድ የተከበሩ አባል ስማርት ከሆነ ስልክም ቻርጅ እንዲያደርግ ጠየቁ። ሌላው ቀለሙ ከግቢው በር ቀለም ጋር እንዲሄድ አሳሰቡ። ሦስተኛው፣ ስማርትነቱ እውነት ከሆነ ሶኬት ለምን እንደሚያስፈልገው እንዲብራራላቸው አመለከቱ፤ ይህም ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ከባለቤቴ አራት ነጥቦች ሦስቱ በመጨረሻ ጸደቁ። አራተኛውን የኮሚቴው ጸሐፊ በቀይ ሰረዙት። «ባትሪውን እስኪሞት ድረስ የሚያቆይ ነዋሪ ቸልተኛ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ቸልተኝነትን አያበረታታም፤ የምንገዛው ሥርዓት ላለው ባትሪ ነው» አሉ፤ እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ። እዚያው ነበርኩ። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም፤ ባለቤቴን ቶሎ ወደ አልጋው መመለስ ነበረብኝና።

አራተኛ፣ ቻርጀሩ መጣ። እጅግ ያምራል፤ ከበሩ ቀለም ጋርም ይሄዳል። ለእርስዎ መኪና ብቻ በተከለለው ማቆሚያ ግድግዳ ላይ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ተሰቀለ፤ ገመዱም አጭር ስለሆነ ከዚያ ቦታ የሚያልፍ አይደለም። በምርቃቱ ማግስት እኛ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እንሆናለን ብዬ ተነሳሁ። በስብሰባ የባከኑት ወራት ባትሪያችንን ቀስ በቀስ አዳክመው በዚያ ሳምንት ጨርሰው አድርቀውት ነበር። ፈትቼ አወጣሁት፤ መሸከም ስላልቻልኩ ባለቤቴን ከተሽከርካሪ ወንበሩ ደግፌ አንስቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩትና ባትሪውን በእሱ ወንበር ላይ አስቀምጬ ገፋሁት። ኮሚቴው የከለከለው መኪና መግፋትን ብቻ በመሆኑ ሕግ አልጣስኩም።

ጥበቃው ሳጥኑን ከፈተልኝ፣ ጸሐፊው በኃላፊነት ቆሙ፣ ባለቤቴ ከደረጃው ላይ «ቀዩ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቩ» እያለ አዘዘኝ፤ አሰርኩት። ቻርጀሩ ጥቂት አሰበ፣ ቀይ መብራት አበራ፣ በማሳያ መስኮቱም ላይ በባዕድ ፊደል አንድ ነገር ጻፈ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው «ባትሪ የለም» ሲሉ አነበቡልን። ጥበቃው ባትሪውን አየው፣ መስኮቱን አየ፣ እንደገና ባትሪውን አየውና «እናቴ፣ ኧረ እኔ እያየሁት ነው» አለኝ። ጸሐፊውም «እሱ ስማርት ነው፤ አንተ አይደለህም» ብለው ሳጥኑን አስቆለፉት።

ባለቤቴ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ገብቶታል። እንዲህ ያለው ቻርጀር ሥራ ከመጀመሩ በፊት በባትሪው ውስጥ ትንሽ እስትንፋስ ይፈልጋል፤ ጨርሶ ካጣ ጫፎቹ ባዶ አየር ላይ ያሉ ይመስለዋል። ለዚህ ነበር አራተኛው ነጥብ። ኮሚቴው የሰጠውን ትርጉም ግን ማንም ሊገምተው አይችልም፤ እኔ ራሴ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ባላነበው አላምንም ነበር። ቃለ ጉባኤው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ነዋሪዋ ባትሪ ሳይኖራቸው ለባትሪ አገልግሎት ያመለከቱ መሆናቸው በመሣሪያ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ አቤቱታቸው ውድቅ ሆኖ ወደፊት ኮሚቴውን በከንቱ እንዳያደክሙ በጽሑፍ ይነገራቸው።» ክቡር ሆይ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ ያልታሰበውን እንደታሰበ፣ ያልተሠራውንም እንደተሠራ አድርጌ ብዙ ተይቤአለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ወገቤን የቆረጠኝ፣ ቀሚሴን ያቆሸሸ ባትሪ የለም ተብሎ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለአዲሱ ልምድ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ቃለ ጉባኤውን ሳነብለት ሳቀ። እየሳቀ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲተወው «እኔን የሚያጥበኝ ማሽን እኮ ስንት ቀን እንደ ሬሳ ሆኜ ስመጣ ሰው የለም ብሎኝ አያውቅም» አለ።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ይህኛው ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ተራችን ከትናንት በስቲያ ነበር። ምናልባት ብዬ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ጭጭ አለች፤ እንደ ወትሮዋ እንኳ አላጉረመረመችም። መግፋት ክልክል ነው። ጎረቤቶቼ በየመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ አድርገው አዩን፤ ቅጣቱን ስለሚፈሩ አልወረዱም፤ አልፈርድባቸውም። መምህሩ እንኳ ምክሩን ይዞ ከበረንዳው ወደ ውስጥ ገባ። ባለቤቴን መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ትቼው ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፤ ያገኘሁትን መኪና ሁሉ በእጄ ለመንኩ፤ አንድ ዳቦ የሚያከፋፍል ሰው አዝኖ በዳቦ ሳጥኖች መካከል ጫነን። ስንደርስ ረፍዶ ነበር። ነርሷ አንገቷን ደፍታ «እናቴ፣ ጠበቅናችሁ፤ ተራውን ለሌላ ሰጠነው፤ ምን ላድርግ» አለችኝ። በእሱ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር፤ የዚያም ሰው ሚስት በሩ ላይ ቆማ ዓይኔን ትሸሽ ነበር። ልጠላት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። እሷም እንደ እኔ ባሏን ነው የያዘችው።

ከዚያ ወዲህ እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ ብሎታል። ጋደም ሲል ትንፋሹ ስለሚቆራረጥ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነው የሚያድረው፤ እኔም ጆሮዬን ከእሱ አልነቅልም። ሐኪሙ ሁለተኛ ተራ ካመለጠው ልቡ እንደማይችለው ሳይደብቁ ነግረውኛል። ተራው ነገ ጎህ ሳይቀድ ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በሕይወቴ ስፍር ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ተይቤአለሁ፤ በእጄ ለራሴ ሰው የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው። ፊደሉ ከተጣመመ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ወደ ትናንትናው ጉዳይ ልምጣ። ባለቤቴ እንዲህ ላለው ቻርጀር መላ ያውቃል። ጤነኛ ባትሪ ከደከመው ባትሪ ጎን ለጥቂት ደቂቃ በገመድ ቢታሰር፣ ቻርጀሩ የጤነኛውን ኃይል አይቶ ይነቃል፤ አንዴ ሥራ ከጀመረ ጤነኛው ይፈታል፣ የደከመው ሌሊቱን ይሞላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ መቆም የሚፈቀድላት ደግሞ የእርስዎ መኪና ብቻ ናት። ስለዚህ ትናንት እኔም ባለቤቴም ወርደን፣ እሱ በወንበሩ፣ እኔ በእግሬ፣ ለጥቂት ደቂቃ ባትሪዎን እንዲያውሱን ለመንንዎ። ባለቤቴ ሰው ለምኖ አያውቅም፤ በዚያ ሁሉ የመንገድ ዘመኑ ጎማ ሲፈነዳበት እንኳ ራሱ ነበር የሚቀይረው። ትናንት ግን ኮፍያውን አውልቆ ነው የለመነዎት። አይተውት ይሆናል።

እርስዎም እንደ ወትሮዎ በትሕትና መለሱልን። «ደስ ባለኝ፤ የእኔ መኪና ግን የዘመኑ ናት፤ ባትሪ የላትም» አሉ። ባለቤቴ ያለ ባትሪ የምትነሳ መኪና እንደሌለች በአክብሮት ሊያስረዳ ሲሞክር፣ በነገሩ እንዳንጠራጠር ኮፈኑን ራስዎ ከፍተው አሳዩን። እውነትም ከላይ የሚታየው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነበር። «ይኸው፤ የት አለ?» አሉን። ጸሐፊውም ከጎንዎ ሆነው «በዓይን የተረጋገጠ ነው» ሲሉ መሰከሩ። ባለቤቴ «ከኋላ ይሆናል፣ ይዩልኝ» ቢልም ስብሰባ ደርሶብዎት ነበርና ኮፈኑን ዘግተው ሄዱ። ቻርጀር ለመምረጥ ወራት የፈጀ ኮሚቴ ሰብሳቢ የገዛ ባትሪያቸው የት እንደተቀመጠ አያውቁም ብዬ እንዳላስብ አስተዳደጌ ይከለክለኛል። ያለውን ባትሪ የለም ያሉን አሁን ሁለት ሆነዋል፤ አንደኛው ቻርጀሩ ነው።

በመሆኑም፣ የግቢያችን አባት የሆኑትን ክቡርነትዎን ከእግርዎ ወድቄ የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት የመኪናዎን የኋላ የዕቃ መጫኛ ይክፈቱልን። ባትሪ ከተገኘ ለጥቂት ደቂቃ ያውሱን። ካልተገኘ ይቅርታ ጠይቀን እንመለሳለን። ንዑስ ኮሚቴ አያቋቁሙ፤ ጊዜ የለንም። ፕሮፎርማ አይሰብስቡ። ቅጣት ካለው ቅጡን፤ ከነገ በኋላ በማንኛውም ቀን መጥተን እንፈርማለን። ለነገ ጠዋት ግን መኪናዋ ትነሳልን። ባሌ ነው፤ ሌላ የለኝም።

የሕንጻው ጣሪያ እንዳያፈስ ለሚያስቡልን፣ ዝምታችንን በመመሪያ ለሚጠብቁልን፣ ባትሪ ለሌላት ነዋሪ የሚያምር ቻርጀር ለመረጡልን ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለቀጣዩ የሥራ ዘመንም ያለ ተቀናቃኝ እንዲመረጡ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የሁለተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
በመሣሪያ ተረጋግጦ ባትሪ የሌላት፣
ታዛዥዎ ነዋሪ።

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ከነቀይ ብዕራቸው፤
ለጥበቃው፣ ያየውን ስላየ፤
ለቻርጀሩ፣ በብረት ሳጥኑ ውስጥ ባለበት፤
ለባለቤቴ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብለት።

በኋላ የተጨመረ፦

ይህን ደብዳቤ በሕንጻው መግቢያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። እርስዎ እንዳላነበቡት አውቃለሁ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። መኪናዎ ግን እንደ ልማዷ ቦታዋ ላይ ቆማ ነበር። ሊመሽ ሲል በራችን ተንኳኳና ባለቤትዎ ቁልፍ ይዘው ቆመዋል። «እትዬ፣ ሰሌዳው ላይ አነበብኩት፤ ኑ እንውረድ» አሉኝ። የእኔ ነገር ትዳርዎ ውስጥ ችግር እንዳይፈጥር ፈርቼ ሳመነታ «እሱ የመኪናው ኋላ ምን እንዳለ መቼ ያውቅና ነው፤ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ስኮርታውን የማወጣው እኔ አይደለሁ እንዴ?» አሉ። ይህንንም እንዳልደብቅ፣ «ተናግራለች ብለሽ ጻፊ» ብለው አዘውኛል፤ ስለዚህ ጽፌዋለሁ።

ወረድን። የኋላውን ከፈቱ፣ ምንጣፉን ገለጡ፣ ከስኮርታው ጎን ባትሪዎ ተቀምጧል፤ የእኛን አንድ ተኩል ያህላል፣ አቧራ እንኳ አልነካውም። ባለቤቴ ከወንበሩ ሆኖ አዘዘ፣ ባለቤትዎ ገመዱን አሰሩ፣ ጥበቃው የሳጥኑን ቁልፍ «ጠፍቶብኝ ነበር፣ አሁን ተገኘ» ብሎ አመጣ። ቻርጀሩ ጥቂት አሰበ። ቀዩ መብራት ጠፍቶ ብጫው በራ፤ መስኮቱም ላይ «ባትሪ የለም» የሚለው ተነስቶ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ጥበቃው አጨበጨበ፤ ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳም አንድ ምክር ወረደ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች፤ እኔ ግን መሪውን ይዤ አለቀስኩ፣ ባለቤቴም «መጀመሪያ ማርሹን አስገቢ፤ ለቅሶው መንገድ ላይ ይደርሳል» አለኝ።

ይህን የምጨምረው ከአልጋው አጠገብ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ደሙ በማሽኑ እየዞረ ነው፤ ትንፋሹ ተስተካክሏል፣ ተኝቷል። የሚቀጥለው ተራችን ከነገ ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ነገ ማታ ባትሪያችንን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተን ወደ ማቆሚያዎ እንመጣለን። ቃለ ጉባኤው እስከዚያ እንዲታረም በትሕትና አሳስባለሁ፦ በግቢው ውስጥ ሁለት ባትሪ አለ፤ አንዱ የእኛ፣ ሁለተኛው የእርስዎ። ቻርጀሩ አውቆናል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።